በመንጋጋዬ ያገኘኋት ሚስት

ቅርንፉድ ሻይ ውስጥ ሲሆን እወደዋለሁ። ጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲቀበለኝ ግን ወደ ቤቴ መመለስ ያምረኛል። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ አሰለፈች እጄን ይዛ፣ አቃቂ ዋናው መንገድ ዳር ከሞባይል ሱቆቹ በላይ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ ስታስገባኝ፣ ያ ሽታ ገና ደረጃው ላይ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቆሜ ቀረሁ። «ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ኧረ ምንም!» አልኳት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አንዲት ሕፃንም እናቷ ጉያ ገብታ ማልቀስ ጀመረች። ልብ በሉልኝ፣ አልጮህኩም። እንዲያውም ሐኪም ቤት ነው ብዬ ዝግ አድርጌ ነው የተናገርኩት። የኔ ዝግ ያለ ድምፅ ይሄ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው፤ ምን ይደረግ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የልጅ ልጄ ብትሆን አይገርመኝም። ወንበሩ ላይ ጋደም አድርጋ፣ አፌን አስከፍታ ካየች በኋላ የመንጋጋዬን ፎቶ ስክሪን ላይ አሳየችኝ። ከዚያ ጭንብሏን እንዳደረገች ብዙ ነገር ተናገረች። ጭንብሉ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ ዓይኖቿ ደግ ናቸው፤ ከዚያ ውጪ አንድም ቃል አልያዝኩም። እንደ ልማዴ ራሴን በአክብሮት ነቅነቅ ላደርግ ስል አሰለፈች ከጥግ «እንዳትነቀንቅ! አደራህን፣ ራስህን እንዳትነቀንቅ!» ብላ ተነሳች። ሐኪሟ የያዘችው መስታወት ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ስትላት አሰለፈች ሳቅ አፈናትና «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ራሱን ሲነቀንቅ እንዳታምኚው። አንድ ጊዜ ነቅንቆ ጉድ ሆኗል» አለቻት። እኔም ከነጥርስ ሕመሜ ሳቄ መጣ።

ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ አቃቂ ራሷን የቻለች አገር ነበረች። ሰው መርካቶ ደርሶ ለመምጣት እንኳ «ከተማ ልወጣ ነው» ይል ነበር፤ ጫማውን አስጠርጎ፣ ለጎረቤት ነግሮ። ጠዋት መጀመሪያ የፋብሪካው ጡሩንባ ይነፋል፤ ቀጥሎ ባቡሩ ይጮሃል፤ ከዚያ መንገዱ በካኪ ለባሽ ይሞላል። በር ላይ በስሙኒ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ ዳቦዋ ትኩስ ከሆነ ከፈረቃ እየዘገየንም ቢሆን እንጠብቃታለን። እሑድ ሲሆን የቴትረን ሸሚዝና ያ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ይለበሳል። አቃቂ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ሱሪያችንን በሁለት እጃችን ሰብስበን እንደ ወይዘሮ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን፣ ፀጉራችንን እንደ ጃንጥላ አበጥረን ሬዲዮ ያለበት ሻይ ቤት እንሄድ ነበር። ዛሬ እዚያ ሻይ ቤት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ባጃጁም ድንጋዩን አልፎ በር ድረስ ያደርሳል። ደህና ነው፤ ጭቃው አይናፍቀኝም። ሱሪዬ ግን ይናፍቀኛል።

ሽመና ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ድምፁን እንዴት ብዬ ላስረዳው? ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ አስቡ፤ በረዶው ግን ፈረቃ እስኪያልቅ አያባራም። በዚያ ውስጥ አፍን ከፍቶ መጮህ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው በከንፈር ነበር። ድምፅ ሳናወጣ ከንፈራችንን በደንብ እንከፍታለን፤ የወዲያኛው ሰው ከሦስት ማሽን ማዶ ሆኖ ያነበዋል። ቀስ በቀስ ጆሮ ሥራውን ይተዋል፤ ዓይን ይተካዋል። ችግሩ ስንወጣ ነው። መንገድ ላይ እርስ በርስ ሰላም ስንባባል የተጣላን የሚመስላቸው ነበሩ። ሌላም አመል አመጣን፤ ያልሰማነውን ነገር «ምን አልክ?» እያልን ሰው ከማስቸገር ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ማለፍ። ሰላምታም ይሁን መርዶ የሽመና ክፍል ሰው ነቅነቅ ያደርጋል። ያ አመል በኋላ ምን እንዳደረገኝ እነግራችኋለሁ።

አሰለፈች ከኔ ፊት ለፊት ባለው ረድፍ ነበር የምትሠራው። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ የተበጠሰ ድር ስትቀጥል ጣቷ አይታይም። ቀና ስትል በከንፈሬ «ደክሞሻል?» አልኳት አንድ ቀን። «ማየት ብቻ ነው ሥራህ?» አለችኝ፣ እሷም በከንፈሯ። እንዲህ ተጀመረ። ስለ ዓይኗ ነገርኳት፣ ስለ ፀጉሯ ነገርኳት፣ ልቤን በሙሉ ዘርግፌ ነገርኳት። ማንም አይሰማንም ብዬ እኮ ነው! ጓደኛዬ ሽፈራው አንድ ቀን በር ላይ ሻይ እየጠጣን ትከሻዬን መታ አደረገና «ትናንት ስለ ዓይኗ ያልካት ቆንጆ ነበር፤ የፀጉሯን ግን ደግመህ አስብበት» አለኝ። ለካ ክፍሉ በሙሉ እያነበበን ኖሯል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሳምንቱ የፈረቃ ኃላፊው ሳይቀር «መቼ ነው ሽማግሌ የምትልከው?» አለኝ።

ሽማግሌ መላኩ ባልከፋ፤ ነገሩ የአባቷ ነው። ጋሽ ደስታ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ጣቢያው ውስጥ ተቀምጠው በስልክ፣ ባቡሩ ከየት ተነሳ የት ደረሰ ሲያዳምጡ የኖሩ፤ ድምፃቸው የሚንሾካሾክ፣ ባርኔጣቸው የማይዛነፍ፣ ሪዛቸው አፋቸውን የሸፈነ ሰው። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ያልተቀጣ ነው ብለው ያምናሉ። አሰለፈችንም ከፋብሪካ ስትመለስ ድምፅዋን ውጭ ጥላ እንድትገባ አስለምደዋታል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ አንድ ቀን ድልድዩ ጋ አገኘኋቸውና አማት ይሆኑኛል ብዬ ካለኝ አክብሮት ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ደስታ!» አልኳቸው። አጠገባቸው ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ነበር። ፈረሱ በረገገ፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ ሽንኩርቱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ተንከባለለ፣ የእሳቸውም ባርኔጣ አብሮ ሄደ። ባርኔጣውን ሮጬ አመጣሁላቸው። ተቀበሉኝና አራግፈው አናታቸው ላይ ደፍተው ሄዱ።

ሽማግሌዎቼ ቤታቸው ሲደርሱ የመለሱላቸው መልስ አጭር ነበር። «ልጁን አውቀዋለሁ። ጋሪ የገለበጠው አይደል? ለጯሂ የምሰጠው ልጅ የለኝም።» ሽማግሌ መቼ በዚህ ይመለሳል? ቆመው ለመኑ፣ ተቀምጠው ለመኑ፣ መሬት ሳሙ። በመጨረሻ ጋሽ ደስታ እንዲህ አሉ፤ «እሺ፣ እሑድ ምሳ ይምጣና አብሮኝ ይዋል። ከኔ ጋር እስኪመሽ ሳይጮህ ከተቀመጠ እናያለን። አንዴ ድምፁን ከፍ ካደረገ ግን ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳትረግጡ።» የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር። ለገሃር መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ጸሐፊም ሽማግሌ ለመላክ ቀን ቆርጧል። ሰውዬውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲያስነጥስ እንኳ አይሰማም። እሑድ ከወደቅሁ አሰለፈች የእሱ ናት።

ዝግ ብሎ መናገር መለማመድ ጀመርኩ። ሽፈራውን ሜዳው ላይ ወስጄ «እስቲ ስማኝ፣ ልኩን ንገረኝ» አልኩት። እናገራለሁ፤ እሱ ጆሮውን አዘንብሎ «ኧረ ትንሽ ጨምር፣ አይሰማም!» ይለኛል። እጨምራለሁ። «አሁን ልክ ነው!» ሲለኝ ወዲያ ማዶ የሚያርሱት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። ደንቆሮ ለደንቆሮ አሠልጣኝ ሆኖ! አሰለፈች ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀችና ዘዴዋን አሳየችኝ። መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈች። «አሁን ተናገር» አለች። ተናገርኩ። «መዳፌ ሥር ከተንቀጠቀጠ ጮኸሃል ማለት ነው። እኔም አባባ ፊት እንዲህ እያደረግሁ ነው የተማርኩት።» እውነቱን ልናገር፣ ያ መዳፍ ጉሮሮዬ ላይ እያለ መናገርም ጠፋብኝ፤ ሞክር ብትለኝም ዝም ብዬ ቆምኩ። ፈተናው እንዲህ ቢሆን ኖሮ አንደኛ እወጣ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው እንግዲህ መንጋጋዬ የተነሳብኝ። መጀመሪያ ቆርጠም አደረገኝ፤ በማግስቱ ጉንጬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ቀጥሎ ዓይኔ ተደፈነ። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ቅርንፉድ ነክሰህ ተኛ ተባልኩ፣ ነከስኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ ጎስጉስ ተባልኩ፣ ጎሰጎስኩ። በአረቄ ተጉመጥምጠህ ትፋ ተባልኩ፤ ተጉመጠመጥኩ፤ መትፋቱን ግን ረሳሁት። ሽፈራው ከማሽን ጥገና ክፍል ጉጠት ይዞ መጥቶ «ዓይንህን ብቻ ጨፍን» ሲለኝ ሮጬ ፋብሪካው ክሊኒክ ገባሁ። ድሬሰሩ ጉንጬን ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። «ይሄ ጥርስ መንቀል ብቻ አይደለም፤ መግሉ አጥንት ነክቷል። ከተማ ወጥተህ ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ይሄው የቅርንፉድ ሽታ ነበር፤ ይሄው፣ አልተለወጠም። ሐኪሙ ረጅም፣ ራሰ በራ፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ በጭንብል የሸፈነ ሰው ነው። ድዴን በመርፌ ወጋኝና ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከንፈሩ አይታይ! ነቅነቅ አደረግሁ። ሌላ ጠየቀኝ። ነቅነቅ። ጎበዝ ልጅ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ትከሻዬን መታ አደረገና ቢላዋውን አነሳ። ለካ የጠየቀኝ «ደንዝዞልሃል ወይ?» ብሎ ኖሯል። ምኑ ደንዝዞ! ቢላዋው ድዴን ሲነካው ከውስጤ የወጣውን ድምፅ እኔ ራሴ ሰማሁት። እኔ ከሰማሁት እንግዲህ አስቡት። ነርሷ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። ውጭ ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ግማሾቹ ሕመማቸው ለቋቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐኪሙ ጭንብሉን አወረደና «ደንዝዟል ወይ ስልህ አዎ አላልክም?» ብሎ ጮኸብኝ። ያኔ ገና አየሁት። «ጭንብልዎን ሲያወርዱ ነው የሰማሁዎት!» አልኩ። «ደንቆሮ ነህ?» «ሸማኔ ነኝ!» አልኩት። ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ መርፌ ወጋኝ፤ መጠየቅ ሲፈልግም ጭንብሉን በክንዱ ዝቅ እያደረገ ጠየቀኝ። ድዴን ከፈተ፣ መግሉን አፈሰሰ፣ አልወጣም ያለውን ጥርስ ሰነጣጥቆ ሥሩን በየተራ ለቀመው፣ አጠበ፣ መግሉ የሚወርድበት ቀጭን ጎማ አስቀርቶ ሰፋኝ። አገጬን በፋሻ ጠቅልሎ አናቴ ላይ ቋጠረልኝ። ከዚያ ጭንብሉን ጨርሶ አውልቆ፣ ጣቱን ቀስሮ ተናገረ። «ክሩ እስኪወጣ አፍህን አትከፍትም። ፈሳሽ ብቻ። ንግግር የሚባል የለም። ስፌቱ ከተበጠሰ ወደዚሁ ቢላዋ ነው የምትመለሰው።» ራሴን ነቀነቅሁ። «በከንፈርህ ድገምልኝ» አለኝ። በከንፈሬ ደገምኩለት።

ክሩ የሚወጣው ከእሑድ በኋላ ነው። ፋብሪካው በር ላይ እንደዚያ ተጠቅልዬ ሲያዩኝ ሽፈራው ራሱን ያዘ። «በቃ፣ ቀጠሮው ይተላለፍ» አለ። ቢተላለፍ ጸሐፊው ይቀድመኛል። እንባዬ መጣ። አሰለፈች ግን ፋሻውን ዙሪያውን አየችው፤ ጉንጬን አየችው፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ በራ። «ታዴ» አለችኝ በከንፈሯ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ «መናገር አትችልም ማለት ነው?» ራሴን ነቀነቅሁ። «ጨርሶ?» ነቀነቅሁ። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እሰይ! እግዜር ነው የሰጠን!»

እሑድ ፋሻውን ፈታሁት። ከሽፈራው ኮት ተዋስኩ፤ ጋቢ ደርቤ ጫፉን ብርድ እንደመታው ሰው እስከ ጉንጬ አወጣሁት። ሽማግሌዎቹም ስለ ጥርሴ ትንፍሽ አላሉም፤ ከዚያ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን መመለስ አልፈለጉም። ጋሽ ደስታ በር ላይ ተቀበሉን። እጅ ነሳሁ፣ ጉልበት ለመሳም ዝቅ አልኩ፣ ቃል አልወጣኝም። አሽተት አደረጉኝና «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ ንጹሕ ልጅ ነው» አሉ። ይሄን አሰለፈች ነች የነገረችኝ። ምክንያቱም እኔ የሳቸውን ንግግር የምይዝበት መንገድ አልነበረኝም። ድምፃቸው ሹክሹክታ፣ ሪዛቸው ከንፈር ሸፋኝ! ከዚህ የባሰ አማት ከየት ይገኛል?

አሰለፈች ይህንንም አስባበታለች። ልታስተናግድ ነው በሚል ከአባቷ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል ከተሰቀለችበት ሥር ቆመች። እሳቸው ሲናገሩ እሷ በከንፈሯ ታስተላልፍልኛለች። የራሷንም ትጨምራለች። «ባቡሩ በጎርፍ የቆመበትን ቀን እያወራ ነው... ይሄን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል... አሁን ሣቅ... አይ፣ አታብዛው... አሁን እዘን...» እኔም ዓይኔን ከሷ ሳልነቅል እስቃለሁ፣ አዝናለሁ፣ ነቅነቅ አደርጋለሁ። ጋሽ ደስታ ድንገት ዞር ሲሉ እሷ የሥዕሏን መጋረጃ የምታስተካክል ትመስላለች። ሥዕሏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። አሰለፈች ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እየደፈነች አስተላለፈችልኝ፤ «ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን ከእመቤቴ አልነቀለም፤ ጸሎተኛ ነው እያለ ነው።»

ምሳ ቀረበ፣ ዶሮ ነው። እኔ ቆርሼ ወጡን የነካሁ እያስመሰልኩ እጄን ብቻ አመላልሳለሁ። ጋሽ ደስታ ልባቸው ተከፍቶ ሌላ ወሬ ጀመሩ። አሰለፈችን አየኋት። «ስለ እማዬ ነው» አለች። እናቷ ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗል። «ዶሮ የምትሠራው... እንግዳ የምትወድ ነበረች እያለ ነው... የሞተች ቀን ጣቢያው ተረኛ ሆኜ...» ከዚያ ከንፈሯ ቆመ። ዓይኗ ሞላ። የቀረውን አላስተላለፈችልኝም፤ ምን እንደሚሉ ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ሳየው የጋሽ ደስታ እጅ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደኔ እየመጣ ነው። እንቁላል አለው፣ ቀዩ ወጥ በጣቶቻቸው መሃል ይንጠባጠባል። አሰለፈች እንደምንም በከንፈሯ «እሷ ብትኖር በእጇ ታጎርስህ ነበር፣ እኔ በሷ ፈንታ ላጉርስህ ይላል» አለችኝ።

ይህን ጉርሻ እምቢ የሚል ሰው ያን ቤት ሁለተኛ አይረግጥም። አፌን ከፈትኩ። ስፌቱ ሲጎተት ተሰማኝ። በርበሬው ቁስሉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ የሐኪሙ ቢላዋ ምርቃት ነበር። ያ ጩኸት ከሆዴ ተነሳ። ደረቴ ደረሰ። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ አሰለፈችን አየኋት፤ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ መዳፏን የራሷ ጉሮሮ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዋጥኩት። ከነጉርሻው ዋጥኩት። አንድ አጉርሶ መተው ነውር ነውና ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም ዋጥኩት። ሦስተኛውን ስውጥ እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ ጋቢዬ ላይ እየወረደ ነበር።

ጋሽ ደስታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ የእሳቸውም ሪዝ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉና አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። ሲረጋጉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው የተናገሩትን አሰለፈች ያስተላለፈችልኝ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ከሞተች ወዲህ ስንቱ ሰው እዚህ ቤት መጥቶ ሊያጽናናኝ ተናገረ። ሁሉም ተናግሮ ሄደ። ዝም ብሎ አብሮኝ ያለቀሰ ይሄ ልጅ ብቻ ነው። ልጄን ሰጥቼዋለሁ።» በርበሬው ነው ያስለቀሰኝ እያልኩ ስቀልድ ኖሬአለሁ። ግን ጉርሻው አፌ ሳይደርስ የአሰለፈች ከንፈር ሲቆም አይቼ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። እንዲህም ሆኖ በርበሬው ብዙ ረድቶኛል።

ክሩ ወጣ፣ ሠርጉም ሆነ። ሠርጉ ላይ ለሙሽራ ዝም ማለት ያምራል፤ ማንም አልጠረጠረም። የመልሱ ቀን ነው ጉዱ የፈላው። ከነሚዜዎቼ ጋሽ ደስታ ግቢ ስገባ፣ ደስ ብሎኛል፣ ጠጥቻለሁ፣ ስፌትም የለም፤ «እንደምን ዋሉ አባባ!» አልኩ። ጋሽ ደስታ የያዙት የጠጅ ብርሌ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። እኔን አላዩም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት። «አሰለፈች፣ ይሄ ልጅ ጩኸቱን ትቶ አልነበረም እንዴ?» አሰለፈችም አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ በተማረችው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ድኖ ነው አባባ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሣር ላይ ወደቁ በሣቅ። ጋሽ ደስታ የጥርሱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነግረው ሰሙ፤ ልብሳቸውን ጠረጉ፤ ቆይተው ቆይተው «ታሞ ሲመጣ ወደድነው፤ ድኖ ሲመጣ እንግዲህ ምን እናድርገው» አሉ። ለብዙ ዓመት ግን እኔ ቤታቸው ስመጣ ጆሯቸው ላይ ባርኔጣቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ዘመኑ እንዲህ እንዲህ ሲል አለፈ። ባቡሩ ቆመ፤ ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፤ አዲሱ መጣ፤ እሱ እንኳ እንደ ድሮው አይጮህም። ጋሽ ደስታ አርጅተው እኛ ጋ መጡ። እዚያ ስልክ ላይ ተደፍቶ የኖረው ጆሯቸው ከዳቸው። የልጃቸው ድምፅ ጠፋባቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ጠፋባቸው፣ ቄሱ መጥተው ሲጸልዩላቸው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ሆነባቸው። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር የሚደርሳቸው። «ያን ጯሂ ጥሩልኝ» ይሉ ነበር ጠዋት ሲነሱ። አልጋቸው ጫፍ ቁጭ ብዬ ወሬ እነግራቸዋለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ መክፈት አቆመ። ሊሞቱ ሲሉ አሰለፈች አጠገባቸው ተንበርክካ ትናገራለች፣ አይሰሟትም። ተጨነቀች። ያኔ እሷ ከጀርባቸው ቆማ ነበር ያስተላለፈችልኝ፤ አሁን እኔ ከራስጌያቸው ቆሜያለሁ። ከንፈሯን አየሁና ያለችውን በሙሉ ድምፄ፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። «እናቴም አባቴም እርስዎ ነበሩ ትላለች!» ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ሰምተው ከቤት ወጡ። ጋሽ ደስታ ፈገግ አሉ። «ዛሬ ገና በልኩ ተናገርክ» አሉኝ።

እና ያለፈው ሰሞን እዚያ ክሊኒክ ውስጥ አሰለፈች ሐኪሟን አስፈቅዳ ከጀርባዋ ቆመች። እሷ ፋብሪካውን የተወችው የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ስለሆነ ጆሮዋ ደህና ነው። ሐኪሟ በጭንብሏ ውስጥ ትናገራለች፤ አሰለፈች በከንፈሯ ታስተላልፍልኛለች። «ደንዝዞልዎታል ወይ ትላለች... አስበህ መልስ... ቆንጆ ልጅ ናት፣ እንዳታስደነግጣት...» በከንፈሬ «አልደነዘዘም» አልኩ። አሰለፈች ነገረቻት፤ ተጨመረልኝ። ድዴን ከፍታ፣ ሥሩን አውጥታ፣ አጥባ ስትሰፋኝ አንዲት ድምፅ አልወጣኝም። ሐኪሟ ጭንብሏን አውርዳ «አባባ፣ እንደ እርስዎ ጸጥ ያለ ታካሚ አይቼ አላውቅም» ስትለኝ አሰለፈች ግድግዳውን ተደግፋ ነው የሳቀችው። ክሩ እስኪወጣ አትናገር ተባልኩ፤ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን።

በነጋታው ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ፤ አሰለፈች ጎመን ትቀነጥሳለች። ልጆቹ ደውለው «ዛሬማ አርፋችኋል» ብለው ቀልደዋል። እሷ ግን ጎመኑን አስቀመጠችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቤቱ እንዲህ ጭር ሲል ደስ አይለኝም» አለችኝ። «እማዬ የሞተች ጊዜ የአባባ ቤት እንዲህ ነበር። ቶሎ ዳንና ጩህልኝ።» መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈች፤ ያኔ እንዳልጮህ ታሳርፈው በነበረበት በዚያው ቦታ። አፌን መክፈት ተከልክያለሁ። ከንፈሬን እንደዘጋሁ፣ ከደረቴ ውስጥ፣ ረዘም አድርጌ «እምምም» አልኩ። መዳፏ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«አለህ» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።